አሮጌውን ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት? ተዋጊ አውሮፕላንና የኢትዮጵያ ምርጫ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሳችን አንድ አገር ያረጁ ተዋጊ አውሮፕላኖቿን እያደሰች ብትቀጥል ይሻላታል ወይስ እነርሱን አሰናብታ አዲስ ብትገዛ የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ከይፋግና ከፎገራ ሜዳ ጋር ምን አገናኘው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። እኔ ግን ጥያቄው በዚህ አገር ሰው እጅ በየዓመቱ እንደሚመዘን አስባለሁ። በርብና በጉማራ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ሲደክምበት ሁለት መንገድ አለው። ፒስተኑንና ቀለበቱን አስለውጦ ሌላ በጋ ያሠራዋል፤ ወይም ወረታ ገብቶ አዲስ ይገዛል። ልምድ ያለው ገበሬ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋውን አይደለም። «መለዋወጫው ይገኛል ወይ? ሲቆምብኝስ ማን ይሠራልኛል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። አዲስ ሆኖ መለዋወጫው የማይገኝ ሞተር ማሳው ዳር የተቀመጠ ብረት መሆኑን ያውቃል። ስለ መከላከያ ግዢ ከተጻፉት ወፍራም መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ ጥያቄ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ከአውሮፕላን በፊት ስለ ጠመንጃ ጥቂት ልበል፤ ነገሩ በደጃችን የተፈጸመ ነውና። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን መንገድ የያዘ ሰው ጋፋትን ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ መንገድ እያስቆፈሩ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። በአገር ውስጥ የተሠራ፣ አዲስና ግዙፍ መሣሪያ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ ከፊቱ የቆመው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ምን ነበር? ስናድር። ስናድር አዲስ ጠመንጃ እንዳልነበረ ብዙ ሰው አያውቅም። እንግሊዞች በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠሩትን፣ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዙ የሚጎረሰውን ኤንፊልድ የተባለ ጠመንጃ ወስደው፣ ሰደፉንና አብዛኛውን አፈሙዝ እንዳለ ትተው፣ የኋላውን ጫፍ ቆርጠው ጥይት በኋላ የሚያጎርስ መክፈቻ ገጠሙበት። ይህ የጄኮብ ስናይደር ፈጠራ ነው፤ እኛም በስሙ ጠመንጃውን ስናድር አልነው። በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይተኩስ የነበረው አሮጌ ጠመንጃ ዐሥር ያህል መተኮስ ጀመረ። በዚያ ቀን ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሲያልቅ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ነበር። በሌላው የቋንቋችን ባለ ስም ጠመንጃ በውጅግራም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ይህ መሣሪያ ሻስፖ ከተባለው ቀዳሚው የተሻሻለ ሲሆን፣ ከቀደሙት ሻስፖዎች ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ግራ ተቀይረዋል። በዘፈንና በፉከራ የምናነሣቸው ሁለቱ ጠመንጃዎች፣ ዛሬ በአውሮፕላን ቋንቋ ብንጠራቸው፣ የእድሳት ፕሮጀክት ውጤቶች ናቸው።

ከዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እወስዳለሁ። የተለወጠው የጠመንጃው ወሳኝ ቦታ ነበር፤ የቀረው የተተወው ገና ስላልደከመ ነው። የአውሮፕላን እድሳትም የሚያዋጣው ወይም የማያዋጣው የትኛው ክፍል እንደደከመ፣ የትኛውስ ጊዜ እንዳለፈበት ለይቶ በማወቅ ነው።

ተዋጊ አውሮፕላን ሦስት ዕድሜ አለው። አንዱ የአካሉ ዕድሜ ነው። ብረትና አሉሚኒየም ደጋግመው ሲታጠፉና ሲለጠጡ ይዝላሉ፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ በቀዳዳና በብሎን ዙሪያ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ያድጋል፣ አንድ ቀን በድንገት ይበጠሳል። ዓለም ይህን በመራራ መንገድ የተማረችው በ1954 እ.ኤ.አ. ኮሜት የተባሉት የእንግሊዝ የመንገደኞች ጀቶች በአየር ላይ ሲበታተኑ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን በየበረራው ከክብደቱ ብዙ እጥፍ በሆነ ኃይል ስለሚጠመዘዝ ድካሙ ይፈጥናል። ስለዚህ ዕድሜው በዓመት ብቻ ሳይሆን በበረራ ሰዓትና በደረሰበት ጫና ይቆጠራል። የአሜሪካው ኤፍ-16 መጀመሪያ ለ8,000 ሰዓት የታቀደ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ለተወሰኑት አካላቸውን በማጠናከር እስከ 12,000 እንዲበሩ ተፈቅዷል። የሶቪየት ንድፎች ለአጭር የበረራ ሰዓት የታሰቡ ነበሩ። የሚጠበቀው ጦርነት አጭርና አውዳሚ ስለነበር አውሮፕላኑ እስኪያረጅ ይኖራል ተብሎ አልታሰበም።

ሁለተኛው የሞተሩ ዕድሜ ነው። የሩሲያ ሞተሮች በጥቂት መቶ ሰዓታት ውስጥ ተፈትተው ሙሉ ጥገና ይሻሉ፤ ይህ በእኛ ዓይነት አገር ላይ ትልቁን ሸክም የሚጭነው ነገር ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው የዓይኑና የእጁ ዕድሜ ነው፤ ራዳሩ፣ ኮምፒዩተሩ፣ ሬዲዮው፣ ሚሳኤሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ይህ ነው፤ ለመለወጥ የሚቀለውም እርሱ ነው። እድሳት ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ይህ ሦስተኛው ሲሆን፣ የሚያታልለውም ለዚሁ ነው። አዲስ ብልጭልጭ ስክሪን የተገጠመለት ኮክፒት ከኋላው ያለውን የክንፍ ስንጥቅ አይሞላም።

ወደ አየር ኃይላችን እንምጣ። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ዳግመኛ ሲያደራጁ የመጡት ሳብ-17 ቦምብ ጣዮች ስዊድን ራሷ ያገለገለችባቸው ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ከአሜሪካ የመጡት ኤፍ-86 ሴበሮችም አሜሪካኖች የተጠቀሙባቸው ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የደረሱት አራቱ ካንቤራ ቦምብ ጣዮች በእንግሊዝ ታድሰው የተሸጡልን ነበሩ። እነዚህን የምዘረዝረው ለማሳፈር አይደለም። «አዲስ ወይስ የታደሰ» የሚለው ክርክር ለእኛ ትናንት የጀመረ አለመሆኑንና የሰው አሮጌ ተቀብሎ በሚገባ ማብረር የአየር ኃይሉ የቆየ ሙያ መሆኑን ለማሳየት ነው።

አሁን ረዘም አድርጌ የምቆይበት ኤፍ-5 ላይ ነው። ኤፍ-5ኤ በ1958 ዓ.ም. ገደማ፣ የተሻለው ኤፍ-5ኢ ደግሞ በደርግ መባቻ መጣ። የኋለኛው ከፋብሪካ የወጣ አዲስ አውሮፕላን ነበር፤ ቁጥሩ ግን ጥቂት ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የሶማሊያ አየር ኃይል ሚግ-21ና ሚግ-17 ነበረው፤ በቁጥርም ይበልጥ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ግን የሰማዩ የበላይነት በኢትዮጵያውያኑ እጅ ገባ። ራዳሩና ሳይድዋይንደር የተባለው ሚሳኤል ረድተዋል፤ ወሳኙ ግን ለዓመታት የሠለጠኑት አብራሪዎችና የምድር ቴክኒሻኖች ነበሩ። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በዚያ ጦርነት የጠላት ሚጎችን ከጣሉት አንዱ ናቸው፤ ኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው ዐሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል።

ታሪኩን የማነሣው ግን ከድሉ ይልቅ ከድሉ ጀርባ ስለነበረው ነገር ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ ቢሮዎችና በአሥመራ የነበረውን ቃኘው ጣቢያ ዘግቷል። ኤፍ-5 ጦርነቱን እያሸነፈ ሳለ የመለዋወጫው በር ተቆልፏል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ የሚኖረው በመጋዘን ባለው ዕቃና አንዱን ፈትቶ ለሌላው በመስጠት ነበር፤ ቦታውን ሶቪየት ሠራሾቹ ሚግ-21ና ሚግ-23 ወሰዱ።

ይህ ለውጥ በወረቀት ላይ «የመሣሪያ መተካት» ተብሎ ያልፋል። በሰው ላይ ምን እንደነበር ግን አስቡ። በእንግሊዝኛ መመሪያ የሠለጠነ ሰው ወደ ሩሲያኛ ይዞራል። ከፍታ በጫማ ያነብ የነበረ በሜትር፣ ፍጥነት በኖት ያነብ የነበረ በኪሎ ሜትር ያነባል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ የአድማስ መለኪያው ነው። በምዕራቡ አውሮፕላን ላይ መለኪያው ሲያዘነብል የሚታየው አድማሱ ነው፤ የአውሮፕላኑ ምልክት ቆሞ ይቀራል። በሶቪየቱ ላይ አድማሱ ይቆምና የአውሮፕላኑ ምልክት ያዘነብላል። በደመና ውስጥ ምንም በማይታይበት ጊዜ፣ በሺህ ሰዓት ልምድ የሠለጠነ እጅ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊጎትት ይችላል። አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲገዛ በውሉ ላይ የማይጻፈው ዋጋ ይህን ይመስላል።

ይህን ከብራዚል ጋር አስተያዩት። ብራዚል ኤፍ-5ኢን የተቀበለችው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከእኛ ጋር በአንድ ዘመን። የብራዚሉ ኤምብራየር ከእስራኤሉ ኤልቢት ጋር ሆኖ 46 ያህሉን በአዲስ ራዳር፣ በአዲስ ኮምፒዩተርና በአዲስ ሚሳኤል አደሳቸው፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤፍ-5ኤም ተብለው አገለገሉ። አንዱ አውሮፕላን በአንዱ አገር ጥቂት ዓመታት ብቻ አገልግሎ ሲቀር፣ በሌላው አገር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ኖረ። ልዩነቱን የፈጠሩት የፖለቲካ ወዳጅነት ሳይቋረጥ መቆየቱ፣ በአገር ውስጥ አውሮፕላን ሠሪ ፋብሪካ መኖሩና የአውሮፕላኖቹ ቁጥር ናቸው።

ቁጥር ያልኩትን ላብራራ፤ የምህንድስና ተማሪዎች በተለይ ልብ በሉት። የእድሳት ወጪ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በእያንዳንዱ አውሮፕላን ላይ የሚወጣው ነው። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣው ነው፤ ንድፉ፣ ሶፍትዌሩ፣ አዲሱ ሚሳኤል ከክንፉ ሲለቀቅ አውሮፕላኑን እንዳይመታ የሚደረገው ሙከራ፣ ለወራት የሚካሄደው የፍተሻ በረራ። ለምሳሌ ያህል ይህ ሁለተኛው ወጪ 200 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። 100 አውሮፕላን ያለው አገር ለእያንዳንዱ 2 ሚሊዮን ይደርስበታል። 10 አውሮፕላን ያለው አገር ለእያንዳንዱ 20 ሚሊዮን ይከፍላል፤ በዚያ ገንዘብ የተሻለ ያገለገለ አውሮፕላን ይገኛል። ሩማንያ ሚግ-21ን ላንሰር ብላ ስታድስ 110 ነበራት። ህንድ ባይሰን ያለቻቸው 125 ናቸው። ቱርክ በእስራኤል እርዳታ ያደሰቻቸው ፋንተሞች 54 ነበሩ። እኛ በእነዚህ ቁጥሮች አካባቢ አይደለንም። ስለዚህ «ያሉንን ለእኛ ብቻ በተነደፈ እድሳት እናዘምናቸው» የሚለው ሐሳብ፣ አገር ወዳድነቱን አከብራለሁ፣ ስሌቱ ግን አይቆምም። ትንሽ አየር ኃይል ማደስ የሚያዋጣው ሌላው ባለ ብዙ አውሮፕላን ከፍሎ በፈተነው እድሳት ሲገባ ነው።

አዲስ መግዛትስ? እዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካን ያህል የሚያስተምር የለም። ደቡብ አፍሪካ በማዕቀብ ዘመን ሚራዥ-3 የተባሉትን የፈረንሳይ አውሮፕላኖች በአገር ውስጥ አትላስ ፋብሪካ ከሞላ ጎደል እንደገና ፈጥራ ቺታ አለቻቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. በፈረመችው ትልቅ የጦር መሣሪያ ውል ደግሞ ከስዊድን 26 ግሪፔን ገዛች። ቺታዎቹ በ2008 ተሰናበቱ፤ ከእነርሱም ዐሥራ ሁለቱን ኢኳዶር ገዝታ ወሰደች። ግሪፔን ዘመናዊ ነው፤ ለጥገናም ከጓደኞቹ ይቀላል። ግን በ2013 የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስትር 12 ያህሉ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጡ መደረጋቸውን ተናገሩ፤ የሚያበርራቸው በጀት አልነበረም። በ2021 ደግሞ የጥገና ውሉ ሳይታደስ ቀርቶ መርከቡ በሙሉ፣ ይቅርታ፣ የአውሮፕላኑ ስብስብ በሙሉ መሬት ላይ ዋለ፤ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት አዲስ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ዘመናዊ ተዋጊ አውሮፕላን ያለው አገር ለአንድ ዓመት ገደማ ተዋጊ አልነበረውም። መግዣው የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ማቆያው በየዓመቱ።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ እኛም አጣዳፊ ምርጫ ገጥሞን ነበር። ኤርትራ ሚግ-29 ገዛች፤ ኢትዮጵያ ከሩሲያ ሱ-27 አስመጣች። በየካቲት 1991 ዓ.ም. በተካሄዱት የአየር ውጊያዎች ሱ-27ና ሚግ-29 ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተጋጠሙ ሲሉ የአቪዬሽን ታሪክ ጸሐፊዎች ይመዘግባሉ፤ የበላይነቱም የሱ-27 ሆነ። በስፋት የሚጠቀሱት ዘገባዎች እንደሚሉት ከሩቅ የተተኮሱት በራዳር የሚመሩ ሚሳኤሎች አብዛኞቹ ስተዋል፤ የመቱት በቅርብ የሚተኮሱት ናቸው። ሚሳኤልም እንደ እህል የመቆያ ጊዜ አለው፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል፤ አውሮፕላን ሲመረጥ ግን ስለ ሚሳኤል ማከማቻ የሚጠይቅ ብዙም አይገኝም። ሌላም ልጨምር። በዚያ ጊዜ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. የተበተኑትን የቀድሞ አየር ኃይል አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ፈልጎ መልሶ ጠርቷል። ከመሣሪያው ይልቅ በአስቸኳይ መተካት የማይቻለው ሰው መሆኑን ያረጋገጠ እርምጃ ነበር።

አሁን ያለንበት ላይ ደረስን። በጥር 2016 ዓ.ም. አየር ኃይሉ በቢሾፍቱ ሱ-30 አውሮፕላኖችን መቀበሉን በይፋ አሳየ። በቴሌቪዥን «አዲስ» ተብለው ነበር፤ ለእኛ አዲስ ናቸው። የአቪዬሽን ተንታኞች ግን የሱ-30ኬ ዓይነት መሆናቸውን ለይተዋል፤ ይህም ዓይነት የራሱ ታሪክ አለው። ህንድ ከ1997 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. 18 ሱ-30ኬ ተቀብላ ነበር፤ የተሻለው ሱ-30ኤምኬአይ ሲመጣላት መለሰቻቸው። ለዓመታት በቤላሩስ ባራኖቪቺ ከተማ በሚገኘው 558ኛው የአውሮፕላን ጥገና ፋብሪካ ቆሙ። ዐሥራ ሁለቱን አንጎላ ታድሰው ገዛች። የተቀሩት ናቸው ወደ እኛ የመጡት ተብሎ የሚታመነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ከሁለቱ አማራጮች አንዱን አልያዘችም፤ ሦስተኛውን፣ ሌላ ሰው ያደሰውን አሮጌ ያዘች።

አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚህ ይበሳጫሉ። እኔ ግን ግዢው ከሚመስለው በላይ የታሰበበት ይመስለኛል። ሱ-30ኬ የሱ-27 ሁለት መቀመጫ ያለው ወንድም ነው፤ ሁለቱም ኤኤል-31ኤፍ በተባለው ሞተር ይበራሉ። ሱ-27ን ከሃያ ዓመት በላይ የያዘ ቴክኒሻን በማያውቀው አውሮፕላን ፊት አልቆመም፤ አብራሪውም የአድማስ መለኪያውን እንደገና አልተማረም። በ1969 ዓ.ም. የከፈልነውን ዓይነት ዋጋ አልከፈልንም ማለት ነው። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ከበዙ ሞተሩን በአገር ውስጥ ፈትቶ ሙሉ ጥገና ማድረግ የሚያስችል አቅም ከግዢው እኩል መወራት ነበረበት። ቢሾፍቱ ያለው ደጀን አቪዬሽን ለዚህ የቀረበ ተቋም ነው። ሞተር በተዘጋ ሣጥን ተጭኖ ወደ ውጭ ሄዶ በሚመለስበት አሠራር ግን አውሮፕላኑ የእኛ ቢሆንም የመብረሩ ውሳኔ የእኛ አይሆንም። ኤፍ-5ን የገደለው ይኸው ነበር። ዛሬ ሩሲያ ከዩክሬን ጋር በምታደርገው ጦርነት ፋብሪካዎቿ ለራሷ ጦር ተጠምደዋል፤ በ1969 ዓ.ም. በፖለቲካ የተዘጋው በር አሁን በወረፋ ሊዘጋ ይችላል።

ስለ ሚግ-23 አጭር መልስ አለኝ፤ ተጨማሪ ገንዘብ አይገባውም። የሚታጠፍ ክንፉ ውስብስብ ነው፣ ሞተሩ ቶሎ ይደክማል፣ በዓለም ላይ የሚያበርረው እየጠፋ ስለሆነ የመለዋወጫ ገበያውም አብሮት ያልቃል።

የገንዘቡን ነገር ሳላነሣ ባልፍ የኢኮኖሚክስ ክፍል ይቀየመኛል። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አንድም ተጨማሪ በረራ ሳይደረግ የአንድ የበረራ ሰዓት ዋጋ በብር እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚሠራ እያንዳንዱ የጥገና ሥራ ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ ትርፉ ይበዛል። ይህ ሕልም አይደለም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ ቦይንግ 767 አውሮፕላኖቹን ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ጭነት አውሮፕላን ቀይሯል። የአውሮፕላን ጎን ቆርጦ ትልቅ በር መክፈት፣ ወለሉን ማጠናከር፣ ሁሉንም በዓለም አቀፍ መስፈርት ማስፈተሽ ማለት ነው። ጥርሱን በዚህ ሥራ የነቀለ ባለሙያ በአገሩ ያለው አየር ኃይል ስንጥቅ የሚፈልጉ የድምፅ ሞገድና የኤክስሬይ መመርመሪያዎችን ለብቻው ከመግዛት ይልቅ እጅ ለእጅ ቢያያዝ ምን ይጎዳል?

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ላልፈው አልችልም። የጦር አውሮፕላን ጉዳይ የሞተርና የምንዛሪ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ሰው አለ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የደርግ ሚጎች በትግራይ ሐውዜን ከተማ ገበያ ላይ ቦምብ ጥለዋል፤ የገበያ ቀን ነበር። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር የሚወርደውም ወደ ጎንደር የሚወጣውም ነጋዴ የሚገናኝባት፣ የውጭ ተጓዦች ሳይጠቅሷት የማያልፉ ትልቅ ገበያ ነበረች። የገበያ አገር ሰው ሐውዜንን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በቅርብ ዓመታትም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚሁ በክልላችን በድሮን ጥቃት ሲቪሎች መገደላቸውን በሪፖርቶቹ አንሥቷል። «ድሮን ከመጣ ተዋጊ ጀት ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ድሮን ርካሽ ነው፣ አብራሪ አያሳጣም፣ ነገር ግን የሌላ አገር ተዋጊ ሰማያችንን ቢደፍር አያስመልስም። ኢንጂነሮች የሆናችሁ ግን ይህን ለዩ፤ አነጣጣሪውን መሣሪያ ማደስ ዒላማውን የሚመርጠውን ሰው አያድስም። እድሳቱ ትክክለኛነትን ይጨምራል ተብሎ በጀት ሲጠየቅ፣ ያ ትክክለኛነት በማን ላይ እንደሚውል የሚጠይቅ ፓርላማና ሕግ ከመሣሪያው ቀድሞ መኖር አለበት።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ጊዜ ነው። ማደስ የሚያመጣው ትልቁ አደጋ ሰው ማዘናጋቱ ነው። ህንድ ሚግ-21ን የሚተካ ቴጃስ የተባለ አውሮፕላን ማቀድ የጀመረችው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ2001፣ አገልግሎት የገባው በ2016 ነው። ሚግ-21 እስከዚያ ይታደስ፣ ይጠበቅ ተባለ፤ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ተሰናበተ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ብዙ ወጣት አብራሪዎች በአደጋ አልቀዋል፤ የአገሩ ጋዜጦች አውሮፕላኑን «የሚበር የሬሳ ሣጥን» ይሉት ነበር። ለአንድ ዓመት ብቻ ተብሎ የተደረገ እድሳት ለሌላ አንድ ዓመት ይገፋል፤ የሚገፋው ሰው ደግሞ በኮክፒቱ ውስጥ የሚቀመጠው አይደለም።

በ1997 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ሱ-30ኬዎች በ2037 አርባ ዓመት ይሞላቸዋል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2029 ወይም በ2030 ዓ.ም.። ተተኪን ለመምረጥ፣ ለመዋዋል፣ ሰው ለማሠልጠንና ሀንጋር ለመሥራት ከዐሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሚተካቸው ምን እንደሚሆን የሚጠናበት ጊዜ ደርሷል፤ ጥናቱም ከየአውሮፕላኑ የበረራና የጥገና መዝገብ ይጀምራል። እያንዳንዱ ክንፍ ስንት ሰዓት በረረ፣ ምን ያህል ጫና ተሸከመ፣ የትኛው ብሎን መቼ ተለወጠ፣ በየትኛው እጅ? ይህ መዝገብ የጎደለው አውሮፕላን ዕድሜው አይታወቅም፤ ዕድሜው ያልታወቀ ደግሞ አይታደስም። ዘንድሮ የምትመረቁት ያን ጊዜ በሙያችሁ እኩሌታ ላይ ትሆናላችሁ፤ መዝገቡን የምትይዙትም፣ የምታነቡትም እናንተ ናችሁ።

የቀረውን ሰዓት ለጥያቄ ልልቀቅ። ከኋላ እጅ ያወጡ አሉ፤ ከእነርሱ እንጀምር።